ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ ከበር ውጭ የተጀመረ የበረራ ትምህርት

ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይደርስ የነበረው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ከደወሌ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ በቆላው ሜዳ ላይ ከሚያገኛቸው ጣቢያዎች አንዷ አዲጋላ ናት። ዛሬም ቢሆን በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ላይ ጣቢያ አላት። በዚያ ዘመን በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ መሐል ኢትዮጵያ በባቡር የሚገባ እንግዳ ሁሉ፣ ዲፕሎማትም ሆነ ነጋዴ ወይም ጋዜጠኛ፣ አዲጋላን ሳያልፍ አዲስ አበባ አይደርስም ነበር። በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. በዚሁ መሥመር ካለፉት መንገደኞች መካከል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን የሚባል፣ ከሺካጎ ከተማ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ይገኝ ነበር።

ያ የባቡር ጉዞ፣ ልብ ብሎ ለሚያየው፣ ለአብራሪ ሙሉ የትምህርት ምዕራፍ ነው። መንገደኛው ከባሕር ወለል ተነሥቶ በቆላው ሐሩር ውስጥ አዲጋላን ካለፈ በኋላ ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባ ሲወርድ ደግሞ 2,400 ሜትር ላይ ቆሟል። በተለመደው ባቡር፣ በቀን ብቻ እየተጓዘ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ፣ ይህን ከፍታ በሦስት ቀን ይወጣዋል። የአየሩ ግፊት በጉዞው መጨረሻ በመነሻው ከነበረው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ጅቡቲ ላይ ዜሮ እንዲያሳይ የተስተካከለ የከፍታ መለኪያ ያለ ማንም ንክኪ ጠቋሚው በዝግታ ይዞራል። ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ሳንባ ይከብደዋል፤ የባቡሩ ሞተር በእንፋሎት የሚሠራ ስለሆነ ግድ ባይሰጠውም፣ የነዳጅ ሞተር ግን ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። እነዚህ ሁሉ በአብራሪ የጽሑፍ ፈተና ላይ በጥያቄ መልክ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ሮቢንሰን ከዚያ ቀደም በወረቀት ላይ አጥንቷቸዋል፤ እንዴት እንዳጠናቸው መናገር ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ማንሣትን ይጠይቃል።

ሮቢንሰን የተወለደው በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በፍሎሪዳ ግዛት ነው። አባቱን በሕፃንነቱ በሞት ስላጣ እናቱ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ጋልፍፖርት ወደምትባለው የወደብ ከተማ ወሰደችው፤ እዚያም የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ የሆነ ሰው አግብታ ልጇን በእንጀራ አባቱ ቤት አሳደገችው። ስለዚህ ሮቢንሰን የሎኮሞቲቭ ጢስና የመፍቻ ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። በልጅነቱ በባሕሩ ዳር አውሮፕላን ሲያርፍ እንዳየና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ከሰማይ እንዳልወረደ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። እንዲህ ያለ ትረካ በአብራሪዎች ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስለሚገኝ ብዙ ሊከብድ አይገባውም። ይልቅስ የሚከብደው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ቡከር ዋሽንግተን በ1881 እ.ኤ.አ. ወደ መሠረተው የቱስኪጊ ትምህርት ቤት ገብቶ የአውቶሞቢል መካኒክነት ተማረና በ1924 ፈጸመ። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ለጥቁር ወጣት ከሞተር ጋር ሊያገናኘው የሚችል በር ይኸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ከትምህርት ቤት እንደወጣ ወደ ሰሜን ሄዶ በመጨረሻ ሺካጎ ተቀመጠ። ቀን ቀን መኪና ይጠግናል። በከተማው ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባለው የአየር ትምህርት ቤት ነበር፤ በጊዜው በአገሪቱ ከታወቁት አንዱ ነው። ጥቁር ተማሪ ግን አይቀበልም። ከእርሱ በፊት ቤሲ ኮልማን የተባለችው ጥቁር ሴት በአሜሪካ የሚያስተምራት ስላጣች ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ በ1921 እ.ኤ.አ. የአብራሪነት ፈቃድ ማግኘቷ ይታወቃል። ሮቢንሰን ወደ ፈረንሳይ መሄጃ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ወደዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገባ።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ታሪክ ይነገራል። አንዱ፣ ሮቢንሰን በክፍሉ ውስጥ መጥረጊያ ይዞ እየቆየ የመምህሩን ትምህርት ያዳምጥ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሲወጡም በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ሥዕልና ስሌት ይገለብጥ፣ ከቆሻሻ መጣያው የተጣለ ማስታወሻ ይሰበስብ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከመምህራኑ አንዱ ጥረቱን ተመልክቶ እንዲመዘገብ ረዳው ይላል። ሁለተኛው፣ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው በፖስታ ተመዝግበው ክፍያቸውን ከላኩ በኋላ በአካል ሲቀርቡ ትምህርት ቤቱ ሊመልሳቸው እንደሞከረ፣ የመኪና ጥገና አሠሪያቸው ግን ትምህርት ቤቱን እንደሚከስ በማስፈራራት እንዳስገባቸው ይናገራል። ሁለቱ ትረካዎች እርስ በርስ አይጣሉም። አንዱ ስለ ዕውቀቱ፣ ሌላው ስለ ሕጉ ይናገራል፤ አንድ ሰው ከበር ውጭ ሲያዳምጥ ቆይቶ ኋላ በሕግ አስገዳጅነት በሩን ሊያስከፍት ይችላል። ጥርጥር የሌለው ነገር ሮቢንሰንና ኮፊ በ1931 እ.ኤ.አ. ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች መሆናቸውና፣ ትምህርት ቤቱም ወዲያው ሮቢንሰንን የጥቁር ተማሪዎች ክፍል መምህር አድርጎ መቅጠሩ ነው።

በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ የነበረው ነገር ምን ዓይነት እንደነበር ማሰብ ለሙያ ሰው አያስቸግርም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1926 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት የአብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው የንግድ ሚኒስቴር ሆኖ ነበር፤ ፈቃዱን የሚሻ ሰው በአየር ላይ ከመፈተኑ በተጨማሪ በጽሑፍ ይፈተናል። የበረራ ደንብ፣ የአየር ጠባይ፣ የሞተርና የአካል አሠራር፣ የአቅጣጫና የርቀት ስሌት ዋናዎቹ ጉዳዮች ናቸው። ተማሪው ነፋስ ከጎን ሲገፋው አውሮፕላኑን በስንት ዲግሪ ማዘንበል እንዳለበት በሦስት ማዕዘን ሥዕል ያሰላል። ግፊቱ ከፍ ካለ አካባቢ ወደ ዝቅተኛው ሲበር የከፍታ መለኪያው ከእውነቱ አብልጦ እንደሚያሳይ፣ ይህም ከተራራ ጋር እንደሚያጋጭ ያጠናል፤ በዝቅተኛ ስፍራ አንድ ሚሊባር ስሕተት ዘጠኝ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። የኮምፓስ መርፌም እንዲሁ በቀላሉ የሚታመን አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የምድር መግነጢስ ወደ መሬት ያዘነበለ ስለሆነ፣ በሺካጎ አካባቢ ይህ ዝንባሌ ወደ 70 ዲግሪ ይደርሳል። አብራሪው ወደ ሰሜን አቅንቶ ሳለ መዞር ሲጀምር ኮምፓሱ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው የዞረ መስሎ ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሰው በደመና ውስጥ ክብ እየሠራ ቀጥ ብሎ የሄደ ይመስለዋል።

ዘመኑ ደግሞ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ጥበብ ገና የሚወለድበት ዘመን ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩ አብራሪዎች በስሜታቸው ይተማመኑ ነበር፤ ጥሩ አብራሪ ማለት በወንበሩ ላይ ባለው ክብደት የአውሮፕላኑን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እምነት ብዙ ሰው ገድሏል። የሰው ጆሮ ውስጠኛ ክፍል የመዞርን መጀመሪያ ይሰማል እንጂ፣ ዙረቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ምንም አይሰማም። ስለዚህ አድማስ የማይታየው አብራሪ አውሮፕላኑ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ቀጥ ያለ ይመስለዋል፤ ለማስተካከል ሲሞክርም ያብሰዋል። የአሜሪካ ጦር አብራሪ የነበረው ዊልያም ኦከር በ1920ዎቹ አጋማሽ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ዓይን በመሸፈን ይህን አረጋገጠ። ጂሚ ዱሊትል ደግሞ መስከረም 24 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አቅራቢያ ወንበሩን በሸራ ሸፍኖ፣ በጃይሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አድማስና የአቅጣጫ ጠቋሚ፣ ረቂቅ የከፍታ መለኪያና የሬዲዮ ምልክት ብቻ ይዞ ተነሥቶ ዞሮ አረፈ። በረራው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ዛሬ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ ለማግኘት የሚፈተን ማንኛውም አብራሪ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የሚጠየቀው ከዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ የፈለቀውን ዕውቀት ነው። ሮቢንሰን ሺካጎ ውስጥ ትምህርቱን የጨረሰው ከዱሊትል በረራ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ የእርሱ ትውልድ በስሜት ከመብረር ወደ በመሣሪያ መብረር በሚያሻግረው ድልድይ መካከል ላይ የቆመ ነው።

ከምረቃው በኋላ ሮቢንሰን ብቻውን አልተቀመጠም። ከኮፊና ከሌሎች ጋር ቻሌንጀር የተባለውን የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋመ። የነጮቹ ሜዳዎች ስለማይቀበሏቸው በሺካጎ አጠገብ ሮቢንስ በምትባለው የጥቁሮች መንደር መሬት ጠርገው የራሳቸውን ሜዳና መጠለያ ሠሩ። ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን ቢያፈርሰውም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ሥራውን ቀጠሉ። በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ቱስኪጊ በርሮ የበረራ ትምህርት እንዲጀመር ለመነ፤ በጊዜው አልተሳካለትም። ቱስኪጊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጥቁር አብራሪዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ግን የመጀመሪያው ጎትጓች ማን እንደነበር ያልዘነጉ ሰዎች ነበሩ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያች የውኃ ጉድጓድ የተነሣው ጠብ ወደ ጦርነት እንደሚያመራ ማንም ሊስተው አልቻለም፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁሮችም ጉዳዩን እንደ ራሳቸው ቆጠሩት። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ የነበሩት መላኩ በያን ሙያ ያላቸውን ጥቁሮች ለኢትዮጵያ አገልግሎት ያፈላልጉ ነበር። ሮቢንሰን በሺካጎ በተደረገ ስብሰባ ላይ ፈቃደኛነቱን ስለገለጸ ጥሪው ደረሰው። በመርከብ ጅቡቲ ገብቶ በባቡር አዲስ አበባ ደረሰ።

የመጣበትን አገር የአየር ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ በአንድሬ ማዬ አብራሪነት ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። የሬዲዮ ምልክት በሌለበት አገር የባቡሩ ሐዲድ ለአብራሪ ከማንኛውም ካርታ የሚበልጥ መሪ ነው። በጠራ ቀን ከአዲጋላ ጣሪያዎች በላይ የሚያልፍ አብራሪ ዝም ብሎ ሁለቱን የብረት መሥመሮች ቢከተል ድሬዳዋ ያደርሱታል። ደመና ከሸፈናቸው ግን ያው ኮምፓስና ሰዓት ብቻ ይቀሩታል። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ሠልጥነው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሉድዊግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊም በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ኢትዮጵያ 1 ተብላለች፤ ይህ ለአገሪቱ መሐንዲሶች ታሪክ ከሚገባው በታች የተነገረ ሥራ ነው።

ሮቢንሰን ሲደርስ የአውሮፕላኖቹ ብዛት ከአሥራ አምስት አይበልጥም ነበር፤ ከእነዚያም የሚበሩት ጥቂቶች ናቸው። ለጦርነት የሚሆን መሣሪያ ያልነበራቸው ሲሆኑ መለዋወጫ ዕቃ የሚገባው በዚያችው በአንዲቱ የባቡር መሥመር በኩል ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ የመጣው ሌላው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን መሬት ላይ በመከስከሱ ስለ ጥቁር አብራሪዎች መልካም ስም አልተወም። ሁለቱ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ በቡጢ እስከ መመታታት ደርሰዋል። ሮቢንሰን በንግግሩ ቁጥብ፣ በሥራው ትጉ ስለነበረ በዚያው ዓመት ክረምት የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ።

በሺካጎ የተማረው ሁሉ እዚህ ተፈተነ፤ አንዳንዱም ተገለበጠ። ሺካጎ 200 ሜትር ባልሞላ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ ከተማ ናት። የአቃቂ የአውሮፕላን ሜዳ ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ስፍራ የአየሩ ጥግግት ስለሚቀንስ ክንፉ ለመነሣት የሚፈልገው እውነተኛ ፍጥነት ከአሥር በመቶ በላይ ይጨምራል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን ይህን አያሳይም፤ ያው የተለመደውን ቁጥር ይናገራል። ሞተሩም ደክሟል። 450 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚባለው የፖቴዝ ሞተር በአቃቂ ላይ ከዚህ በብዙ ያነሰ ይሰጣል። ስለዚህ ሜዳው ይረዝማል፤ ጭነቱ ይቀነሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ኮምፓሱ በበኩሉ ለእንግዳው አብራሪ መልካም ሆኖ ጠበቀው። የምድር የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ በአዲስ አበባ አካባቢ የመርፌው ዝንባሌ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በሺካጎ ተማሪዎችን ያንገላታው የመዞር ስሕተት እዚህ ከሞላ ጎደል የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ገደማ እዚህ የተቋቋመውም በዚሁ በመግነጢስ ወገብ ምክንያት ነው። ሮቢንሰን በሺካጎ በብዙ ድካም የተማረውን እርማት ትቶ፣ ያልተማረውን የደጋ በረራ በራሱ ላይ እየሞከረ መማር ነበረበት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ዐድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን መልእክት ይዞ በዚያው ከተማ ይገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሥራው በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ሆነ። ኢጣሊያ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች አሰልፋለች። መትረየስ የሌለው አዝጋሚ አውሮፕላን ከእነዚህ ፊት ያለው መከላከያ ደመናና ተራራ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ያ የሸራ ሽፋን ነገር ይመለሳል። ደመና ከጠላት ይሰውራል፤ ነገር ግን የሰው ሠራሽ አድማስ በሌለው አውሮፕላን ደመና ውስጥ መቆየት ራሱ ሌላ ጠላት ነው፤ ከደመናው ሥር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጡ የሸዋና የወሎ ተራሮች አሉ። በደመና ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርድ አብራሪው በጭንቅላቱ አስቦ መጨረስ አለበት። የአገሩ ካርታ የተራሮቹን ቁመት በትክክል አይሰጥም፤ የአየር ጠባይ ዘገባ የሚሰጥ ጣቢያ አልነበረም። በዚህ ሁኔታ ለሰባት ወር ያህል በርሮ በሕይወት መውጣቱ በዕድል ብቻ የሚገለጽ አይመስልም። በእርግጥ ዕድልም ነበረበት።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሮቢንሰን ከአገር ወጥቶ በግንቦት 1928 ዓ.ም. አሜሪካ ተመለሰ። የሺካጎ ጥቁሮች በብዙ ሺህ ሆነው ተቀበሉት፤ ጋዜጦቹም ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም አወጡለት። በገንዘብ ረገድ ከዚህ ዝና ብዙ ሊጠቀም ይችል ነበር። እርሱ ግን በሺካጎ በራሱ ስም የሚጠራ የበረራና የአውቶሞቢል ትምህርት ቤት ከፈተ። በጽዳት ሠራተኛነት የገባበትን ዓይነት ክፍል አሁን በርእሰ መምህርነት አስተዳደረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮችን አስተማረ።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ አየር ኃይሉን ከባዶ መጀመር ነበረባት። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ገደማ ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትሎ ተመለሰና በልደታ የአውሮፕላን ሜዳ ትምህርት ተጀመረ። የማስተማሩ ችግር ከመብረሩ ይበልጥ ነበር። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው በጠላት ዘመን ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ያደገ ወጣት ነው፤ ጫማና ሜትር፣ ማይልና ኪሎ ሜትር፣ የሁለት ዓይነት ሰዓት አቆጣጠር አንድ ላይ ይደባለቃሉ። በአብራሪ የጽሑፍ ጥያቄ ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሰውን ከመንገድ ያስወጣል። አንድ ተማሪ ሞተር መፍታትና መግጠም ካልቻለ ወደ አውሮፕላኑ ወንበር አይወጣም የሚለው አስተሳሰብ በመካኒክነት ካደገ መምህር የሚጠበቅ ነው። እነዚያ ወጣቶች ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ለተቋቋመው አየር ኃይል የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሆኑ።

በእነዚያው ዓመታት ሲቪል አቪዬሽኑም መልክ ያዘ። በጥቅምትና በኅዳር 1937 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ለማዘጋጀት የተሰበሰቡት በሮቢንሰን ከተማ በሺካጎ ሲሆን ኢትዮጵያም በጉባኤው ተካፋይ ነበረች። አባል አገሮች ዛሬም ለአብራሪዎቻቸው ፈቃድ ሲሰጡና በመሣሪያ የመብረር ፈተና ሲያወጡ የሚመሩበት ደንብ መሠረቱ ይኸው ስምምነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመና መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አንዳንድ ጸሐፊዎች አየር መንገዱን የመሠረተው ሮቢንሰን ነው ይላሉ፤ ይህ ከልክ ያለፈ ነው። አየር መንገዱ የተመሠረተው በመንግሥትና በኩባንያው ውል ነው። በአገሪቱ ውስጥ አውሮፕላን የሚያውቁ ጥቂት እጆች መኖራቸው ግን ከእርሱ ድካም ጋር የተያያዘ መሆኑን መካድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሮቢንሰን ታሪክ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። መንግሥት የአየር ኃይሉን ማሠልጠን ለስዊድኖች ሰጠ። እነርሱም በካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ ዘመናዊ የጦር ሰፈርና ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አዳዲስ የሳብ አውሮፕላኖችም አመጡ። ቮን ሮዘን ራሱ በጦርነቱ ዘመን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ኢትዮጵያን ያገለገለ፣ ኋላም በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ላይ የተገደለ ደፋር ሰው ነው። ሁለቱም ለኢትዮጵያ ተመሳሳይ ፍቅር ነበራቸው፤ በአንድ ሜዳ ላይ ግን አልተስማሙም። በመካከላቸው የተነሣው ጠብ በ1939 ዓ.ም. ገደማ ሮቢንሰንን እስከ እስራት አድርሶት ከአየር ኃይል ሥራው ወጣ። ማን ጥፋተኛ እንደነበረ ከዚህ ርቀት መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ሊታሰብ የሚገባው ነገር፣ ለመማር በር የተዘጋበት ሰው ራሱ የከፈተውን ክፍል ቁልፍ ለሌላ ማስረከቡ ነው። ወደ አሜሪካ ግን አልተመለሰም። አዲስ አበባ ተቀምጦ መብረሩንና ማስተማሩን ቀጠለ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታመመ ሰው ደም ለማድረስ በተደረገ በረራ ላይ ስቲንሰን የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሣ፤ ከእርሱ ጋር አንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበረ። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀች። መሐንዲሱ ወዲያው ሞተ፤ ሮቢንሰን ከደረሰበት ቃጠሎ የተነሣ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ዐረፈ። ዕድሜው ገና ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ኢጣሊያኖችን ሊዋጋ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሰው ከኢጣሊያዊ የሥራ ባልደረባ ጋር አብሮ በመብረር ላይ ሳለ ነው ሕይወቱን ያጣው።

የተቀበረው በአዲስ አበባ በጉለሌ የውጭ አገር ሰዎች መካነ መቃብር ነው። መቃብሩ ለብዙ ዓመታት ጠያቂ አጥቶ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዘመን ተፈልጎ ተገኘ። በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ውስጥ የተከፈተው የአሜሪካ ማዕከልም በስሙ ተሰይሟል። ወጣቶች ገብተው መጻሕፍት የሚያነቡበትና ለፈተና የሚያጠኑበት ክፍል ነው፤ መግቢያውም ክፍያ የለውም።